ከደብረ ማርቆስ ሆኖ የኦፍሾር ኩባንያ ባለቤት መፈለግ

ኦፍሾር ኩባንያ ማለት ባለቤቱ ከሚኖርበት አገር ውጭ፣ ብዙ ጊዜ ግብር በሚቀልበት ቦታ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። ባለቤቱን ከዚህ ሆኖ መፈለግ ይቻላል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ደብተርና ኔት የሚሰራበት ሰዓት ነው (አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው)። የፓናማ ሰነዶችን (ከአንድ የፓናማ የሕግ ድርጅት ሾልከው የወጡ የኦፍሾር ኩባንያ መዝገቦችን) ምርመራ ያስተባበረው የጋዜጠኞች ጥምረት፣ አይሲአይጄ፣ «ኦፍሾር ሊክስ» የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለው። ከ810 ሺህ በላይ ኩባንያዎችና ትረስቶች (ንብረት በአደራ የሚያዝባቸው ተቋማት) አሉበት።

ፈተናው ስሙን መጻፍ ላይ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በቲኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ ሌላው ደግሞ መጨረሻው ላይ ኢ ይለጥፍበታል። «ገብረማርያም» አንዴ ተጣብቆ፣ አንዴ ተለያይቶ ይመጣል። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባም፣ የአባትየው ተዘሎ የራሱና የአያቱ ብቻ ተመዝግቦ ልታገኙት ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ ደብተር ላይ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ እደረድራለሁ። አንዴ አሥራ አራት ደርሶልኝ ሰውዬው የተገኘው በአሥራ አንደኛው ነው።

ስሙ ሲገኝ ቶሎ አትፈንጥዙ። በበላይ ዘለቀ አገር ስንት በላይ እንዳለ አስቡት! ሰውዬው እንግሊዝም ኩባንያ ካለው፣ ካምፓኒስ ሀውስ የሚባለው መዝገብ የዳይሬክተሩን የልደት ወርና ዓመት በነፃ ያሳያችኋል። ከእኛ አቆጣጠር ጋር ስታመሳክሩ ግን ተጠንቀቁ። መስከረም 1985 በፈረንጆቹ 1992 ነው፣ ሚያዝያ 1985 ግን 1993።

አድራሻ መመሳሰል ብቻውን ምንም አይደለም። ካይማን ደሴቶች ያለውን ኡግላንድ ሀውስ የአሜሪካ መንግሥት ኦዲተሮች በ2008 እ.ኤ.አ ሲያዩት፣ በዚያ አንድ ሕንፃ 18,857 ድርጅቶች ተመዝግበው ነበር። ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈውም ለፊርማው ብቻ የሚከፈለው ሰው ሊሆን ይችላል። የቅኔ አገር ልጅ ይሄ አይጠፋውም፤ ሰሙ እሱ ነው፣ ወርቁ ከኋላ ነው።

የፓናማው መረጃ እስከ 2015 እ.ኤ.አ ድረስ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ «ኩባንያ አለው» ሳይሆን «ነበረው» ብላችሁ ጻፉ። ያገኛችሁትንም ገጽ ወዲያው ስክሪንሾት አንሱት፣ ኔቱ ነገ ላይኖር ይችላል።

ኦፍሾር ኩባንያ መያዝ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ቋቱ ራሱ ይሄንን ያስጠነቅቃል። ከማውጣታችሁ በፊት ባለስሙን በጽሑፍ ጠይቁት፣ መልስ የሚሰጥበትንም ቀን ቁረጡለት። ስልክ ደውላችሁ «እኔ አላውቀውም» ካለም፣ እንዳለው አድርጋችሁ አስገቡት። ሰውዬው «ቡና እንጠጣ» ካላችሁ ደግሞ ሂሳቡን እናንተ ክፈሉ።