የጌም አካውንት ኮድ «ልክ አይደለም» ካላችሁ ሰዓቱን እዩ

የታናሽ ወንድሜ የጌም አካውንት ድንገት አልከፈት አለ። የይለፍ ቃሉን ይቀበላል። ጉግል ኦተንቲኬተር ከሚባለው የመግቢያ ኮድ ሰጪ የስልክ አፕ ያገኘነውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ስናስገባ ግን «ኮዱ ልክ አይደለም» ይላል።

የይለፍ ቃል ቀየርን፣ ወፍ የለም። ፒያሳ ጌም ቤት ሄዶ በሌላ ኮምፒውተር ሞከረ፣ ያው ነው። አንዱ «አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው» አለው። እንዳትሞክሩት! ባክአፕ ከሌለው ኮዱ የሚሰላበት ሚስጥር ቁልፍ አብሮ ይጠፋል።

ጉዱ የስልኩ ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኩ 8:00 ማለት ሲገባው 2:00 ይላል። ልጁ ሀበሻ ሰዓት እንዲያሳየው በእጁ ወደ ኋላ መልሶታል። ኮዱ ደግሞ ከሚስጥር ቁልፉና ከሰዓቱ ተሰልቶ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር ነው፤ ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ ስልኩ የሚሰጠን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ፣ ያለፈበት ኮድ ነበር።

ሴቲንግ ገብተን፣ ቀንና ሰዓት የሚለው ላይ አውቶማቲክን አበራን። የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 መሆኑን አየን። ቀጣዩ ኮድ ወዲያው ሠራ። ለሀበሻ ሰዓት ዊጄት ጫንለት።

ልጁ ተማሮ «ኮዱን እናጥፋው» ብሎ ነበር። አላጠፋነውም። ቤት ያለው ላፕቶፕ ላይ «ይህን መሣሪያ እመን» የሚለውን ነካን፤ አሁን ሁልጊዜ ኮድ አይጠይቀውም። ጌም ቤት ግን ይህን መንካት የለም፣ ሲጨርስም ሎግ አውት። ስልኩ ቢጠፋ ለመግባት የሚያገለግሉትን የአካውንቱን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፈን የእማዬ የዕድር ደብተር ውስጥ አስቀመጥን።

አውቶማቲኩ እምቢ ካለ በእጅ አስተካክሉ፤ ቀኑንም አትርሱ።