የ18 አሐዝ ቁጥር አካፋዮችን በወረቀት እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ቁጥሩ 1 አሥራ ስምንት ጊዜ ተደርድሮ የተጻፈው ነው፦ 111,111,111,111,111,111። ግዙፍነቱ ቢያስፈራም ብቸኛ አካፋዮቹን (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን) ለማውጣት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ኤክሴል ላይ ለመሥራት ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ። የሚይዘው 15 አሐዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሦስት 1ዎች ምንም ሳይናገር ወደ 0 ይቀይራቸዋል፤ ቁጥሩም ለ2 እና ለ5 የሚካፈል ሆኖ ቁጭ ይላል። ለማመሳከሪያ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ይሻላል። እዚያም ቢሆን በሁለት እዝባር (//) ያካፍሉ፤ በአንዱ ካካፈሉ ውጤቱ ወደ አስርዮሽ ተለውጦ ጫፉ ላይ ይዛባል።

ደረጃ 1፦ ትንንሾቹን ይልቀሙ

የአሐዞቹ ድምር 18 ስለሆነ ቁጥሩ ለ9 ይካፈላል። ድርሻው 12,345,679,012,345,679 ነው። የድርሻው አሐዞች ድምር 74 ስለሚሆን ለ3 ዳግመኛ አይካፈልም። ስለዚህ 3 የሚገባው ልክ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህን ይያዙት።

ቀጥሎ ሦስት ሦስት አሐዝ እየቆረጡ በየተራ ይደምሩና ይቀንሱ፦ 111 − 111 + 111 − 111 + 111 − 111 = 0። ውጤቱ 0 ከመጣ ቁጥሩ ለ1001 ይካፈላል ማለት ነው። 1001 ደግሞ 7 × 11 × 13 ነው።

ደረጃ 2፦ ከመሃሉ ይሰንጥቁት

ቁጥሩ 111,111,111 × 1,000,000,001 ነው። የግራው 9 × 37 × 333,667 ይሆናል። የቀኙ 1001 × 999,001 ሲሆን፣ 999,001 በተራው 19 × 52,579 ነው። ከዚህ በኋላ ትልቁን ቁጥር መንካት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ የቀሩት ሁለቱ ብቸኛ መሆናቸውን ያረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። የ52,579 ስኩዌር ሩት ከ229 ጥቂት ስለሚበልጥ እስከ 229 ያሉትን 50 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይጠበቃል። አቋራጭ ግን አለ። 1ን ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ሲያካፍሉ (ከ2 እና ከ5 በቀር) የሚደጋገሙት አሐዞች ብዛት፣ ከዚያ ቁጥር 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ሁልጊዜ ያካፍላል። 1,000,000,001ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ደግሞ፣ 7፣ 11 ወይም 13 ካልሆነ በስተቀር፣ የሚደጋገሙት አሐዞቹ 18 ናቸው። 52,579 ለሦስቱም አይካፈልም (ቀሪዎቹ 2፣ 10 እና 7 ናቸው)። ስለዚህ መሞከር ያለባቸው 1 ሲቀነስላቸው ለ18 የሚካፈሉት ብቻ ናቸው፦ 19፣ 37፣ 73፣ 109፣ 127፣ 163፣ 181፣ 199። ከ50 ወደ 8 ወረደ! አንዱም ያለ ቀሪ አይገባም። 127 ላይ ቀሪው 1 ብቻ ስለሆነ በችኮላ ያሳስታል።

333,667ም ለ3 እና ለ37 ስለማይካፈል በዚያው መንገድ ይጣራል፤ እስከ 577 ድረስ የሚሞከሩት 17 ብቻ ናቸው።

ደረጃ 4፦ አካፋዮቹን ይቁጠሩ

ውጤቱ 3² × 7 × 11 × 13 × 19 × 37 × 52,579 × 333,667 ነው። በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ጨምረው ያባዙ። 3 ሦስት ምርጫ (0፣ 1 ወይም 2 ጊዜ)፣ የቀሩት ሰባቱ ሁለት ሁለት ምርጫ አላቸው፦ 3 × 2⁷ = 384 አካፋዮች።

ደረጃ 5፦ የአካፋዮቹን ድምር ከቁጥሩ ጋር ያነጻጽሩ

ድምሩን በሙሉ ማስላት አይጠበቅብዎትም፤ ለቁጥሩ ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ ማወቅ ይበቃል። የእያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ድርሻ ያባዙ፦ ከ3² (1 + 3 + 9)/9 = 13/9 ይጀምሩና በ(1 + 7)/7 = 8/7፣ በ12/11፣ በ14/13፣ በ20/19 ያባዙ፦ 1.444፣ 1.651፣ 1.801፣ 1.939፣ 2.041። ገና 19 ላይ 2ን አለፈ፤ እስከ መጨረሻው ሲሄዱ 2.097 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ቁጥሩ ራሱ ሳይቆጠር የሌሎቹ አካፋዮች ድምር ከቁጥሩ ይበልጣል። ይህ በኢተጋማሽ ቁጥሮች ላይ ብርቅ ነው፦ ከ1 እስከ 1000 እንዲህ ያለ ኢተጋማሽ ቁጥር 945 ብቻ ነው። ሁለተኛውን 3 የረሳ ሰው ግን በ13/9 ፋንታ 4/3 ይዞ ይነሳና መጨረሻ ላይ 1.935 ያገኛል፤ ፍርዱም ይገለበጥበታል።