ለሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ከማመልከታችሁ በፊት ፕሮፌሰሩን ፈልጉ

አሜሪካ ሄዳችሁ ሳይኮሎጂ በፒኤችዲ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይቺን ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ስም አይቶ ያመለክታል። እዚያ ግን አብዛኛው የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሚቀበለው በአንድ ፕሮፌሰር ላብ (የምርምር ቡድን) ውስጥ ነው፤ ያ ፕሮፌሰር በዚያ ዓመት አዲስ ተማሪ የማይወስድ ከሆነ ውጤታችሁ የቱንም ያህል ቢያምር የመግባት ዕድላችሁ በጣም ጠባብ ነው። የማመልከቻ ገንዘባችሁም አይመለስም።

ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ላይ የየላቡን ድረ ገጽ ክፈቱ። ብዙዎቹ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪ እንደሚቀበሉ ወይም እንደማይቀበሉ እዚያው ይጽፋሉ። ካልጻፉ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከቅርብ ጊዜ ጥናታቸው የትኛውን እንዳነበባችሁ፣ ምን ጥያቄ እንደጫረባችሁ፣ ከዚያ ተማሪ ይወስዱ እንደሆነ። በቃ። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሃያ ሰው አትበትኑ፣ ወዲያው ያስታውቃል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሷቸው፣ ነውር የለውም።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፣ በእኛ ኅዳር 22 ገደማ መሆኑ ነው። ማስተርስ የግድ የማይጠይቁ ብዙ ናቸው፣ በዲግሪም ይገባል። የማመልከቻው ክፍያ ከከበዳችሁ ነጻ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ፎርም ያላቸው አሉ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ (የአእምሮ ጤና ሕክምናውን ዘርፍ) የምትፈልጉ ደግሞ ፕሮግራሙ በአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር እውቅና ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትልኩ፣ በኋላ የሙያ ፈቃድ ስታወጡ ያስቸግራችኋል።