30 ጌም በአንድ ዲስክ፤ ስንቱን ትጫወታላችሁ?

የጌም ስብስብ ሽፋኑ ላይ ቁጥሩ ጎልቶ ይጻፋል። 5 በ1፣ 13 በ1፣ 30 በ1። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን የሳጥኑን ጀርባ ነው። ጉድና ጅራት ከበስተኋላ ነው ይባል የለ? ታናሽ ወንድሜ ደቃቁን ጽሑፍ ስለቃቅም ሲያየኝ "መድኃኒት ነው እንዴ የምትገዢው?" ይለኛል። ይበል።

ቁጥር ምን ያህል እንደሚሸውድ ለማወቅ አክሽን 52ን ማስታወስ ይበቃል። በ1991 ለኒንቴንዶ ኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማጫወቻ) የወጣ፣ 52 ጌም የያዘ ካሴት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋጋው 199 ዶላር ነበር። ሲካፈል አንዱ ጌም 4 ዶላር እንኳ አይሞላም። ርካሽ ይመስላል አይደል? ጌሞቹ ግን ጥድፊያ የጎዳቸው፣ በስህተት የተሞሉ ነበሩ። መሃል ላይ ቀጥ የሚል ሁሉ ነበረባቸው።

ስለዚህ ስሌቱን እንዲህ ሥሩት። የጌሞቹን ዝርዝር አውጡ። ለብቻው ቢሸጥ ኪሳችሁ ገብታችሁ የምትገዙት ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። ቀድሞ ያላችሁን ሰርዙ። "እስኪ አየዋለሁ" የምትሉትንም አትቁጠሩ፤ እሱ ጌም አሥር ደቂቃ ተነካክቶ ነው የሚረሳው። ከዚያ ዋጋውን ምልክት ላደረጋችሁባቸው ብቻ አካፍሉ።

ይህ ስሌት ሁልጊዜ "አትግዛ" አይልም። ሬር ሪፕሌይ በ2015 ለኤክስቦክስ ዋን ሲወጣ 30 ጌም በ30 ዶላር ነበር። እኔ ከዚያ ውስጥ ከልቤ የምፈልጋቸው ባንጆ ካዙዊ፣ ፐርፌክት ዳርክና ቪቫ ፒኛታ ናቸው። ሦስት ብቻ። አንዱ 10 ዶላር መጣ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ለነዚህ ጌሞች ምንም አይደለም። 27ቱ ምርቃት ናቸው።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ዋጋው ላይ ሳይሆን "የትኛው ቅጂ ነው የገባው?" የሚለው ላይ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ጌሙ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ፕሌይስቴሽን ክላሲክን እንይ። በ2018 የወጣ፣ 20 ጌም ውስጡ የተጫነበት ትንሽ ኮንሶል ነው፤ ከስብስብ አይለይም። ከ20ው 9ኙ የአውሮፓ ቅጂዎች ነበሩ፤ የቡጢ ጌሙ ቴክን 3 ሳይቀር። የድሮ የአውሮፓ ቲቪ ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚያድሰው፣ የአሜሪካና የጃፓኑ 60 ጊዜ። ለ60 የተሠራ ጌም ሳይስተካከል በ50 ሲሄድ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ቡጢው ይዘገያል፣ ዝላዩ ይንሳፈፋል። ማጣራቱ ቀላል ነው። ዩቲዩብ ላይ የድሮውንና የአዲሱን ቪዲዮ ጎን ለጎን ክፈቱና ከአንድ ቦታ እኩል አስጀምሯቸው። ዘገምተኛው ወዲያው ወደኋላ ሲቀር ታዩታላችሁ።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2012 የወጣው የሳይለንት ሂል አስፈሪ ጌሞች ኤችዲ ስብስብ የተሠራው ካላለቀ ኮድ (ጌሙ የተጻፈበት ፕሮግራም) ነው፤ የመጨረሻው ኮድ አልተገኘም። በሳይለንት ሂል 2 ታሪኩ ያለበት ከተማ የሚያስፈራው በጭጋጉ ነው። ጭጋጉ የድሮው ኮንሶል መሳል ያቃተውን ሩቅ ቦታም ይሸፍን ነበር። በአዲሱ ቅጂ ጭጋጉ ሳሳና ዓለሙ የሚያልቅበት ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፍርሃቱ እዚያው አበቃ። በ2021 የጂቲኤ ሦስቱ ጌሞች ታድሰው ሲወጡ ደግሞ ዝናቡ መንገዱን እስከማያሳይ ድረስ ወፍራም ነጭ መስመር ሆኖ ነበር። አውጪው ድርጅት ሮክስታር ይቅርታ ጠይቆ በኋላ በአፕዴት አስተካከለው። ታዲያ ትሬለር (የማስታወቂያ ቪዲዮው) ላይ አትተማመኑ፤ ትሬለር ዝናብ አያሳይም። የገዛ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የቀዳውን ቪዲዮ ፈልጉ። በተለይ በእናንተው ኮንሶል ላይ የተቀዳውን፤ አንዱ ስብስብ በአንዱ ኮንሶል እየፈሰሰ በሌላው ሊንቀራፈፍ ይችላል።

ቀጥሎ የጎደለውን ፈልጉ። ማስ ኢፌክት ሌጀንደሪ ኤዲሽን (2021) ሦስቱንም ጌሞች ከነተጨማሪዎቻቸው ይዟል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ፒናክል ስቴሽን የተባለው ተጨማሪ የለም፤ ኮዱ ተበላሽቶ ነው። የሦስተኛው ክፍል ኦንላይን ጨዋታም ቀርቷል። እኔ ታሪኩን ስለምወድ አይቆጨኝም። ከጓደኞቹ ጋር ኦንላይን ሊጫወት የገዛው ሰው ግን ከንቱ ነው የቀረው። የአንቻርትድ ሦስቱ ጌሞች በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 ሲሰበሰቡም ኦንላይኑ ተቆርጦ ነው። ሱፐር ማሪዮ ስሪዲ ኦል ስታርስ የተባለው ስብስብ ደግሞ ማሪዮ ጋላክሲን አስገብቶ ጋላክሲ 2ን ዘለለ። ለምን? እንጃ፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ይሄው የማሪዮ ስብስብ ሌላም ነገር ነበረበት። ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 እስከ ማርች 31 ቀን 2021 ብቻ ነው ለሽያጭ የቀረበው። "ሳያልቅ ግዙ" ሲባል ሰው ስሌቱን ይተዋል። እንዲህ ካለው በቀር ግን ብዙ ስብስብ ከወራት በኋላ ቅናሽ ይደረግበታል፣ ሲወጣ የነበረበት ስህተትም እስከዚያ ይታረማል። መጠበቅ ሁለት ጊዜ ያተርፋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ስብስቡ ሲመጣ በተናጠል ይሸጡ የነበሩት ከኦንላይን ሱቁ ሊነሱ ይችላሉ። በ2022 ሶኒክ ኦሪጂንስ ሲወጣ የሆነው ይኸው ነው። የምትፈልጉት አንዱን ብቻ ከሆነ ቀድማችሁ በርካሹ ያዙት።

ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ዲስኩ ላይ ያለውን አረጋግጡ። ስፓይሮ ሪኢግናይትድ ትሪሎጂ በ2018 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ዲስኩ ሦስቱን ሙሉ በሙሉ አልያዘም ነበር፤ ቀሪውን ከኢንተርኔት ማውረድ የግድ ነው። የሜጋ ማን ሌጋሲ ኮሌክሽን 1 እና 2 ለኒንቴንዶው ስዊች ኮንሶል በአንድ ሳጥን ሲሸጥ ካርዱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በወረቀት የሚሰጥ የማውረጃ ኮድ ነው። ለዚህ ነው ጀርባውን የማነበው። "ዳውንሎድ ያስፈልጋል" የሚል ካለ ስንት ጊጋ እንደሆነ አይቼ የኮንሶሌን ባዶ ቦታ አስባለሁ።

ሴቭ ማድረጊያና ወደኋላ ማጠንጠኛም (ስትሳሳቱ ጨዋታውን ጥቂት ወደኋላ የሚመልስ) መኖሩን እዩ። የ80ዎቹ ጌሞች ርኅራኄ የላቸውም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሩ ይላሉ። ማጠንጠኛ ያለው ስብስብ ላይ ግን የዛሬ ልጅም ይጨርሳቸዋል። ማጭበርበር ነው የሚል ይበል፣ ለእኔ ግን ግማሽ ዋጋው እሱ ነው።

ስሌቴ የማይሠራበት አንድ ስብስብ አለ፤ አታሪ 50 (2022)። ምልክት የማደርግባቸው ጌሞች ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ጌሞቹ በዘመናቸው ቅደም ተከተል፣ ከሠሪዎቹ ቃለ ምልልስና ከድሮ ሰነዶች ጋር ተሰድረዋል። ስለ አንዱ ጌም አወጣጥ ሰምታችሁ ወዲያው እዚያው ትጫወቱታላችሁ። እንዲህ ያለውን በጌም ብዛት አካፍዬ አልገምተውም።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ "የማውረጃ ኮዱም አለው" ቢላችሁ ጥቅም ላይ እንደዋለ ቁጠሩት። ኮድ አንዴ ከተነካ አለቀ። ዋጋውን ዲስኩ ወይም ካርዱ ላይ ባሉት ጌሞች ብቻ ተከራከሩ።