ሰርቨርዎ በድንገት ሲታገድ

ሰርቨር (ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የሚያከራየን ድርጅት ሰርቨሩን ሲያግድ ድረ ገጹ ብቻ ሳይሆን እዚያው ላይ የተቀመጠው ኢሜይልም አብሮ ስለሚቋረጥ፣ የእገዳውን ምክንያት የሚገልጸው መልእክት ባለቤቱ ሊከፍተው በማይችል ሳጥን ሊቀር ይችላል። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ለሚሠራ አንድ ቡና አቅራቢ የማስተዳድረው ሰርቨር በታገደ ጊዜ እኔም ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ኔትወርኩን ስወቅስ ነበር። ገጹ አልከፈት ሲል አስቀድመው ሌላ ድረ ገጽ ይሞክሩ፤ ያ ከሠራ በአከራዩ የደንበኛ መለያ ገብተው ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ምክንያቱ ያልተከፈለ ሒሳብ ብቻ ከሆነ ሲከፈል እገዳው በአብዛኛው ቶሎ ይነሣል። አስቸጋሪው የማንነት ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን በዶላር የምንከፍለው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ስለሆነ፣ የመለያው ስም ከካርዱ ባለቤት፣ የካርዱ አገርም ከምንገባበት አገር አይገጥምም። ዘመድየው የባንክ መግለጫው ላይ የማያውቀውን ስም አይቶ ክፍያውን ካስመለሰ ደግሞ አከራዩ ጉዳዩን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ ሌላ ስም አውጥቶ አዲስ መለያ መክፈት ሁለተኛውንም ያሳግዳል። የሚሻለው ካርዱ የማን እንደሆነ በግልጽ ጽፎ፣ ፓስፖርትን ወይም የንግድ ፈቃድን ከነትርጉሙ አያይዞ መላክ ነው።

እገዳው ከሰርቨርዎ በወጣ አይፈለጌ መልእክት ወይም ጥቃት የመጣ ከሆነ «አጽድቼዋለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሰርቨሩ በማዳኛ ሁነታ (rescue mode፣ የራሱ ሲስተም ሳይነሣ ፋይሎቹን ብቻ ማየት በሚቻልበት መንገድ) እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ፤ ሎጎቹን (ሰርቨሩ ሥራውን ከነሰዓቱ የሚጽፍባቸውን መዝገቦች) ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ሰርጎ ገቡ የገባበትን ቀዳዳ ይፈልጉ። ዎርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ለሚጠቀም ሰው ያልታደሰ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የተለመደ መግቢያ ነው። ሎጉ በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) የተጻፈ ከሆነ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው 06፡00 ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ለአከራዩ በደረሰው አቤቱታ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ሲያነጻጽሩ ይጠንቀቁ። ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተዘጋና የትኞቹ የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች እንደተቀየሩ በአንድ ቲኬት (ለአከራዩ ድጋፍ ክፍል በሚላክ ጥያቄ) ያቅርቡ። ቲኬት መደጋገም ጉዳዩን በተለያዩ ሠራተኞች እጅ ይበትነዋል። እዚያው ላይ ዳታው የሚጠፋበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎ ይጠይቁ፤ የታገደ ሰርቨር ለዘላለም አይቀመጥም።

መልስ እስኪመጣ ገጹን ሌላ ቦታ ማስነሣት የሚቻለው ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ከአከራዩ ውጭ ካለ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች ዳታ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ድረ ገጹንም ባክአፑንም አጥተዋል፤ በእገዳም ጊዜ መለያው ሲዘጋ ባክአፑ አብሮ ይዘጋል። የራሳችን ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ቅጂም ለእኛ በቂ አይደለም፤ 20 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል፣ በመሐል መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ ሌላ አከራይ ዘንድ ይቀመጥ፣ ዝውውሩም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይሁን።

ዶሜኑን (የድረ ገጹን ስም) ከሰርቨር አከራዩ በተለየ ድርጅት ያስመዝግቡ፤ ዲኤንኤስ ይህን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ነው፤ የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (አድራሻው ሳይጠየቅ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) አስቀድመው ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ካደረጉት አብዛኛው ጎብኚ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይዞራል። የመለያው መገናኛ ኢሜይልም እዚያው ሰርቨር ላይ ያለው እንዳይሆን ዛሬውኑ ይቀይሩት።