የገጠር ወረዳችንን ለእውቀት ኢኮኖሚ እንዴት እናዘጋጅ? (ለደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ልጆች)

የእውቀት ኢኮኖሚ ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር የሞላበት ፎቅ ነው የሚታየው፣ ነገሩ ግን ከመሬትና ከጉልበት ይልቅ ሰው የሚያውቀው ነገር እንጀራ የሚሆንበት ኢኮኖሚ ማለት ነው። ስለዚህ ኩታበር፣ ቃሉ፣ ተሁለደሬ፣ አልብኮ ያላችሁ እቅዱ ከላይ ተሰርቶ እስኪወርድላችሁ አትጠብቁ፣ አብሽሩ፣ ራሳችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሰው ሰብስቡ። አዲስ ኮሚቴ ምናምን አያስፈልግም፣ ቅሬው (እድሩ) አለ አይደል? የቅሬው ሽማግሌዎች፣ አንድ ሁለት መምህር፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆች ይበቃሉ።

ከዛ ቆጠራ። እንደኔ ዋናው ስራ ይሄ ነው፣ ብዙ እቅድ የሚበላሸው ማን ምን እንደሚያውቅ ሳይታወቅ ህንፃ ስለሚታሰብ ነው። በየቤቱ ዞራችሁ መዝግቡ፣ ዲግሪ ብቻ ግን አትጠይቁ። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ፣ ሶላር የሚገጥመው፣ የንብ ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ አባት፣ ሁሉም ይግባ። ከሳውዲና ከቤሩት የተመለሱት እህቶቻችን አረብኛውን አቀላጥፈው ነው የሚያወሩት፣ ይሄ ለንግድም ለትርጉምም ለስልክ ደንበኛ አገልግሎትም የሚሆን ችሎታ ነው፣ ግን ማንም እንደ ሙያ ቆጥሮላቸው አያውቅም፣ በጣም ያሳዝነኛል። ስልክ ቁጥር ስትወስዱ አስፈቅዱ፣ ዝርዝሩንም ቴሌግራም ላይ አትበትኑት።

ቀጥሎ ኔትወርክና መብራት። አገራችን ተራራና ሸለቆ ነው፣ ደሴ ፒያሳ ላይ የሚፈጥን ኢንተርኔት ከጋራው ጀርባ ላይኖር ይችላል። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላውና ገበያው ጋ ጠዋትና ማታ በስልካችሁ እየሞከራችሁ ለሁለት ሳምንት ፃፉት፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓትም። ቴሌና መብራት ሃይል ስትሄዱ ይሄ ወረቀት ከአቤቱታ ይሻላል። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤትና ቢሮ ስለተዘረፈ የቀረውን ኮምፒውተርም እዛው ቁጠሩ።

አሁን የምትሰሩበት አንድ ወይ ሁለት መስክ ምረጡ፣ ከዛ በላይ አትበሉ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ጨርቃጨርቁ፣ ብረታብረቱ፣ ቢራው አለ፣ ሄዳችሁ ምን አይነት ባለሙያ ነው የሚቸግራችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ የማሽን ጥገና ነው? የጥራት ቁጥጥር ነው? መልሱን ይዛችሁ ወደ ቆጠራው ተመለሱ። ለገበሬው በ8028 በነፃ ተደውሎ የሚሰማ የግብርና ምክር አለ፣ ሰሜን ወሎ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ለወጣቱ በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም አፃፃፍ) ስልጠና ኦንላይን ነው፣ በነፃ ነው፣ የሚጎድለው ኮምፒውተርና ኔት ነው፣ ስለዚህ የትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክፍል ቅዳሜና እሁድ እንዲከፈት ርዕሰ መምህሩን ለምኑ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። «ትብብር እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው፣ አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለምሳሌ የኮምፒውተር ተማሪዎች የከብት ገበያችንን ዋጋ በኤስኤምኤስ የሚልክ ነገር ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይስሩልን በሉ።

በጀት ላይ ደግሞ ጊዜ ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ መጣን ብትሉ ዋጋ የለውም፣ ክረምቱ ሳይቃረብ በመጋቢት ለወረዳው ፕላን ፅህፈት ቤት አስገቡ፣ የምክር ቤት ተወካያችሁንም ያዙ። ስትጠይቁ የኢንተርኔት ወርሃዊ ክፍያ፣ የጥገናና የአሰልጣኝ አበል ለብቻ ይፃፍ፣ እነሱ ካልተያዙ የተገዛው ኮምፒውተር አቧራ ነው የሚጠጣው።

የምትለኩት ስንት ሰው ሰለጠነ ሳይሆን ስንቱ ገቢ አገኘ የሚለውን ይሁን፣ ሴቶቹን ለብቻ ቁጠሩ። ታህሳስ መጨረሻ ግማሽ ዓመቱ ሲዘጋ ይሄን ውጤት ቅሬው ፊት አንብቡት፣ ያልሄደ ነገር ካለ ገንዘቡ ሳያልቅ ወደ ሌላው እንዲዞር ያኔ ነው የሚጠየቀው።