ጣና ዳር አድሮ ቡና ማፍላት፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ እጃችን የለመደው ቡና ጣና ዳር ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል። ፍሬውም ጀበናውም ያው ነው፤ ንፋሱ፣ መሬቱና ውሃው ግን ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ወጥቼ ዘጌ ድንኳን ተክዬ ባደርኩባቸው ቀናት የገጠመኝን ከምልክቱ ተነስቼ ላስቀምጥ። ቡና የሸጠላችሁን ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ፍሬው ከፊሉ አርሮ ከፊሉ ጥሬ ሲቀር

ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ቀድማ ስለምታሞቅ ቀን ቀን ንፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው ምጣዱ በአንድ ወገን ብቻ ይግላል። ቡናው አልቀላ ሲል ሰው እንጨት ይጨምራል፤ ያኔ የጋለው ወገን ያርራል።

ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አፈሩን በሐይቁ በኩል ከምሩት፣ ጉልቻውን በዙሪያው አድርጉ። ምጣዱን የምትጥዱት ነበልባሉ አልፎ እንጨቱ ፍም ሲሆን ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለማቀጣጠያ አትጠቀሙ፤ ሽታው ቡናው ውስጥ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማለዳ፣ ንፋስ ሳይነሳ መቁላት ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ንፋሱን ሸሽታችሁ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። ጭሱ የጠፋ የከሰል ፍም እንኳ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ተኝተው የቀሩ ሰዎች አሉ።

ሲወቀጥ አልደቅ ሲል

ይህ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። የዘጌ ጫካ መሬት የረገፈ ቅጠል ያለሰለሰው አፈር ነው። ሙቀጫዬን እዚያ ላይ አስቀምጬ ክንዴ እስኪዝል ብወቅጥ ግማሹ ፍሬ እንዳለ ነበር። በመንገዱ የምታልፍ አንዲት እናት ቆም ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ሥሩ ድንጋይ አድርጊበት እንጂ፤ ምቱን እኮ መሬቱ እየበላብሽ ነው» አለችኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ራሷ አስገባችልኝ። ከዚያ በኋላ የዘነዘናው ድምፅ ራሱ ተለወጠ፤ ቅድም ድፍን የነበረው ጥርት ብሎ ይሰማ ጀመር።

ድንጋይ ኖሮም ካልደቀቀ ጥፋቱ እርጥበት ነው። ማታ ተቆልቶ ክዳን በሌለው ዕቃ ያደረ ቡና የሐይቁን እርጥበት ስቦ ይለዝባል፤ ዘነዘና ሲያርፍበት ከመሰባበር ይልቅ ይጨፈለቃል። ምጣዱን አሙቃችሁ ለአፍታ አመስ አድርጉት፣ እጅ ላይ ሲይዙት የማያቃጥል እስኪሆን አብርዱት፣ ከዚያ ውቀጡ። የእጅ ወፍጮ የያዘ ሰውም ሲነክስበት መጀመሪያ ይህንኑ ይሞክር።

ቀለም ብቻ ሆኖ ሲቀጥን

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ለቡና ይህ ይበቃል፤ ችግሩ ደጅ ላይ ንፋሱ ጀበናውን ቶሎ ማቀዝቀዙ ነው። ስለዚህ አንዴ ሲንተከተክ አይታችሁ አታውርዱ። እስከ አንገቱ ሲወጣ አንሱት፣ ሲመለስ ደግሞ ጣዱት፤ ሁለት ሦስቴ ይመላለስ። ዱቄት መጨመር ቡና ከማባከን አያልፍም፤ በደንብ ደቅቆ ካልተወቀጠ ግን መመላለሱም አያድነውም።

ሲኒው አተላ ሲሞላ

ማቶቱ ቤት ቀርቷል ማለት ነው። ጀበና ወጣ ገባ መሬት ላይ ዘሞ ከተቀመጠ አይሰክንም። ሳር ጠምዝዛችሁ እንደ ቀለበት ሥሩ አድርጉና ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡት። ስትቀዱም አንዴ ካዘነበላችሁት እየቀና እየዘመመ ሳይሆን ሲኒዎቹን አስጠግታችሁ በአንድ ጉዞ ጨርሱ።

አፈር አፈር ሲል

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ያልሟሸ አዲስ ጀበና ነው፤ ይህን ቤት ጨርሳችሁ ውጡ፣ ዳር ላይ አይሆንም። ሁለተኛው የሐይቁ ውሃ ነው። ጣና ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል የተነሳ በተለይ በክረምት ይደፈርሳል። ለቡናና ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ። ግድ ከሆነ ማታ ቀድታችሁ ይደር፣ ከላይ ያለውን ብቻ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሉ፣ ቡና ሳይገባበት ለብቻው ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ለመቅዳት ውሃው ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ከመሸም አትውረዱ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጀበናው ሲሰነጠቅ

ባዶውን እሳት ላይ ከርሟል፣ ወይም ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮበታል። ውሃ ሞልታችሁ መጀመሪያ ከፍሙ ዳር አሙቁት፣ ከዚያ ወደ መሐል አስጠጉት፤ መጨመር ካስፈለገም ሙቅ ውሃ ይሁን። ከተሰነጠቀ መጠገኛ የለውም፤ በማጣበቂያ አትሞክሩ። ስለዚህ ትንሽ የብረት ማንቆርቆሪያ ከዕቃው መሐል አይጥፋ። ብረት ቶሎ ስለሚገነፍል ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ሲወርድም ከጀበናው ረዘም ላለ ጊዜ ይስከን።